በሩ አንድ ይሁን፦ ያለ ፈቃድ የሚካሄድ የጦር መሣሪያ ዳግም ሽያጭና የማኅበረሰባችን ድርሻ

የጽሑፉ ፍሬ ነገር

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወገናችን ከጦር መሣሪያ መደብር ሽጉጥ ሲገዛ መታወቂያውን ያሳያል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ስሙም በፌዴራል መንግሥት የማጣሪያ ሥርዓት ውስጥ ያልፋል። ይኸው ሰው ያንኑ ሽጉጥ ከወራት በኋላ በአንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ለማያውቀው ሰው ሲሸጥ ግን በብዙ ግዛቶች የሚጠይቀው የለም፤ ገዢውንም የሚያጣራ የለም። መሣሪያው ያው ነው፤ አደጋውም ያው ነው፤ የተለየው የገባበት በር ብቻ ነው።

በዚህ ሁለተኛ በር የሚጎዱት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው መሣሪያው በመጨረሻ የሚደገንበት ሰው ነው። ሁለተኛው ሕጉን በቅጡ ሳያውቅ መሣሪያ ሲገዛና ሲሸጥ ቆይቶ አንድ ቀን ወንጀለኛ ሆኖ የሚገኘው ሰው ነው። በማኅበረሰባችን ውስጥ ሁለቱም አሉ። በነዳጅ ማደያ፣ በመጠጥ መደብርና በታክሲ ውስጥ ሌሊቱን የሚያነጋው ወገናችን ለመጀመሪያው አደጋ ቅርብ ነው። ግሪን ካርዱን በኪሱ ይዞ «የራሴን ንብረት ብሸጥ ማን ይከለክለኛል?» የሚለው ደግሞ ለሁለተኛው ቅርብ ነው።

አቋማችን የማያሻማ ነው። በውስን ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ማንኛውም የጦር መሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል እንዲያልፍ ሕግ ሊያስገድድ ይገባል። ዛሬ ያለው ድንግዝግዝ ሕግ ነጻነትን ያስከብራል የሚባለው ሐሰት ነው። አዋቂውን አዘዋዋሪ ይከልላል፤ የዋሁን ሻጭ ያጠምዳል። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ በሮች እንዴት ተከፈቱ?

የዛሬው የፌዴራል ሥርዓት መሠረት በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በ1963 የተገደሉበት ጠመንጃ በፖስታ ታዝዞ የተገዛ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ክርክር ተካሄደ። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ በሁለት ወራት ልዩነት ሲገደሉ ኮንግረስ ሕጉን አጸደቀ። ሕጉ በጦር መሣሪያ «ንግድ ላይ የተሰማራ» ሰው ሁሉ የፌዴራል ፈቃድ እንዲያወጣና መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፤ መሣሪያ ሊይዙ የማይገባቸውን ሰዎችም ዘረዘረ። ሆኖም ንግድ ላይ መሰማራት ማለት ምን እንደ ሆነ ተርጉሞ አላስቀመጠም።

ትርጉሙ የመጣው በ1986 ነው፤ የመጣው ግን ለማጥበቅ ሳይሆን ለማላላት ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት ነጋዴ የሚባለው ጊዜውንና ጉልበቱን ሰጥቶ፣ መሣሪያ ደጋግሞ እየገዛ በመሸጥ «መተዳደሪያና ትርፍ» ማግኘትን ዋና ዓላማው ያደረገ ሰው ነው። አልፎ አልፎ የሚሸጥ፣ ለግል ስብስቡ የሚለዋውጥ ወይም የግል ስብስቡን የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይደለም ተባለ።

በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ በተቃጣው የግድያ ሙከራ ክፉኛ በቆሰሉት በጄምስ ብሬዲ ስም የተሰየመው ሕግ በ1993 ሲወጣ ገዢዎች ሁሉ እንዲጣሩ አዘዘ። ግዴታው የተጣለው ግን በባለ ፈቃዱ ነጋዴ ላይ ብቻ ነበር። ባለ ፈቃዱ ያጣራል፤ ፈቃድ የሌለው አያጣራም። ስለዚህ ከ1986ቱ ትርጉም ያመለጠ ሻጭ ሁሉ ከ1993ቱ ማጣሪያም አመለጠ። ሁለተኛው በር የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው፤ ሆን ተብሎ ባይታቀድም ባለማስተዋል የሆነ ነገር ግን አይደለም።

የመጀመሪያው በር እንደሚሠራ ቁጥሮች ይመሰክራሉ። የፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳሰፈረው ከ1994 እስከ 2015 ድረስ ከቀረቡት 197 ሚሊዮን ገደማ ማመልከቻዎች መካከል 3 ሚሊዮን ያህሉ ውድቅ ሆነዋል። ጥያቄው እነዚያ የተመለሱ ሰዎች ቀጥሎ የሄዱት ወዴት ነው የሚለው ነው።

ኦዴሳ፣ ቴክሳስ፦ በሁለተኛው በር የገባው

ለዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ ነሐሴ 31 ቀን 2019 በቴክሳስ በሚድላንድና በኦዴሳ ከተሞች ታየ። በዚያ ቀን አንድ ታጣቂ መኪና እየነዳ በመንገድ ላይ ባገኛቸው ሰዎች ላይ ተኩሶ ሰባት ሰዎች ገደለ። ከሟቾቹ አንዷ በፖስታ አገልግሎት መኪናዋ ውስጥ በሥራ ላይ የነበረች ሴት ናት።

ይህ ሰው በ2014 ከመደብር መሣሪያ ለመግዛት ሞክሮ በማጣሪያው ተይዞ ነበር፤ ከአእምሮ ጤና ጋር በተያያዘ በፍርድ ውሳኔ መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ነበርና። ሥርዓቱ የተሠራለትን ተግባር ፈጽሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሰውየው ፈቃድ ከሌለው የሉበክ ከተማ ነዋሪ ጠመንጃ ገዛ። ሻጩ አላጣራም፤ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረምና። ከእልቂቱ በኋላ ሻጩ ያለ ፈቃድ በመሣሪያ ንግድ በመሰማራትና ሐሰተኛ የግብር መግለጫ በማቅረብ ጥፋተኝነቱን አምኖ በ2021 የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ ሻጩን የቀጣው ሰባቱ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ሽያጩ በተፈጸመበት ቀን ግን ሕጉ እንደ ዓይነ ስውር ነበር። ገዢው በማንኛውም ሽያጭ ይጣራ የሚል ትእዛዝ ቢኖር ኖሮ ሻጩ ነጋዴ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ባላስፈለገ ነበር።

የኦዴሳው ጉዳይ ብቻውን የቆመ አይደለም። የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂዎች ቢሮ (ኤቲኤፍ) በ2024 ባወጣው ጥናት ከ2017 እስከ 2021 ድረስ ያካሄዳቸውን የመሣሪያ ዝውውር ምርመራዎች ተንትኖ ነበር። ከአሥሩ ምርመራዎች በአራቱ ገደማ የተገኘው መንገድ ያለ ፈቃድ መነገድ ነው። ከሌሎች መንገዶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ሆኗል፤ በዚህ መንገድ የተዘዋወሩት መሣሪያዎችም ከ68 ሺህ በላይ ናቸው። የሌሊት ፈረቃ በሚሠራው ወገናችን ላይ የሚደገነው ሽጉጥ ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ ይህን ቁጥር ማስታወስ ይገባል።

መስመሩ የት ነው?

አንድ ሰው በዓመት ስንት መሣሪያ ቢሸጥ ነጋዴ ይባላል? ፌዴራል ሕጉ ቁጥር አይሰጥም። አሥር መሣሪያ የሸጠ ሰው የአባቱን ስብስብ እየበተነ ሊሆን ይችላል፤ ወንጀል የለበትም። ሁለት የሸጠ ሰው ደግሞ ለትርፍ ገዝቶ በማትረፍ ተከስሶ ሊፈረድበት ይችላል። ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር መቀጮ ይደርሳል።

ኮንግረስ በ2022 ባወጣው ሕግ «መተዳደሪያና ትርፍ» የሚለውን ሐረግ «በዋናነት ትርፍ ለማግኘት» በሚል ተካው። መሣሪያ መሸጥ የሰውየው መተዳደሪያ ባይሆንም ዋና ዓላማው ትርፍ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ኤቲኤፍ በ2024 ይህን የሚያብራራ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ለምሳሌ በተገዛ በ30 ቀን ውስጥ ደጋግሞ መሸጥ የነጋዴነት ምልክት ሆኖ ይቆጠር ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ ደንቡ በከሳሾቹ ግዛቶችና ማኅበራት ላይ እንዳይፈጸም አገደ፤ በ2025 ደግሞ መንግሥት ራሱ ደንቡን እንደገና እንደሚመረምር አስታወቀ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖች «ሕጉ ተሽሯል» ብለው ያወራሉ። ስሕተት ነው። ክርክሩ በማብራሪያ ደንቡ ላይ ነው፤ ኮንግረስ በ2022 የለወጠው ሕግ ግን በቦታው አለ።

«አላውቅም ነበር» የሚለው መከላከያም እንደሚመስለው ጠንካራ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ብራያን በተባለ ሰው ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። ሰውየው ሌሎችን ልኮ በኦሃዮ ሽጉጥ ያስገዛ፣ የመለያ ቁጥራቸውንም እየፋቀ በብሩክሊን ጎዳናዎች ይሸጥ ነበር። ጠበቃው ደንበኛቸው የፌዴራል ፈቃድ ግዴታን ለማወቁ ማስረጃ እንዳልቀረበ ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ የፈቃዱን አንቀጽ ባያውቅ እንኳ የሚያደርገው ነገር ሕገ ወጥ መሆኑን ማወቁ ይበቃል አለ። በብራያን ላይ ይህ ፍርድ ትክክል ነው። ነገር ግን መስመሩ በማይታይበት አገር የሚያውቀውና የማያውቀው የሚለዩት በዐቃቤ ሕጉ ግምትና በዳኛው ፊት በሚደረግ ክርክር ነው። እንግሊዝኛው የሚያንቀው፣ ጠበቃ ለመቅጠር ገንዘብ የሌለው ሰው በዚያ ክርክር ውስጥ ምን ዕድል አለው?

ለዘመድ ማድረግ

በእኛ ባህል ዘመድ ለዘመድ ነገር መግዛት፣ ለአገር ልጅ አደራ ማድረስ የደግነት ምልክት ነው። በመሣሪያ ጉዳይ ግን ይህ ደግነት ወጥመድ ነው።

በ2009 አብራምስኪ የተባለ የቨርጂኒያ ነዋሪ፣ የቀድሞ ፖሊስ፣ በፔንሲልቬንያ ለሚኖር አጎቱ ሽጉጥ ገዛለት። አጎትየው መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ሰው አልነበረም፤ ገንዘቡንም አስቀድሞ በቼክ ልኳል። አብራምስኪ በመደብሩ በሚሞላው ቅጽ 4473 ላይ እውነተኛው ገዢ እርሱ መሆኑን ገለጸ። በኋላም ሽጉጡን በፔንሲልቬንያ በሚገኝ ባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል፣ አጎቱን አስጣርቶ አስረከበ። እንዲያም ሆኖ ተከሶ ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 በአምስት ለአራት ድምፅ ፍርዱን አጸና፤ በቅጹ ላይ የተሰጠው መልስ ሐሰት ነበርና። የራሱን ገንዘብ አውጥቶ በስጦታ ቢሰጥ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። የሌላውን ገንዘብ ተቀብሎ በራሱ ስም መግዛት ግን ወንጀል ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ መሣሪያ እንዳይዝ ለተከለከለ ሰው በስም መግዛትን እስከ 15 ዓመት በሚያስቀጣ ራሱን የቻለ ወንጀል ደንግጎታል።

ሁለተኛው ወጥመድ የግዛት ድንበር ነው። እንበል አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ሽጉጡን በአሌክሳንድሪያ ለሚኖር የአክስቱ ልጅ ሊሸጥለት ፈለገ። በመካከላቸው ያለው በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ለእኛ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አንድ ሰፈር ናቸው፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ዕቁቡም ድንበር አያውቅም። በፌዴራል ሕግ ዓይን ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ለሌላ ግዛት ነዋሪ መሣሪያ መሸጥም ሆነ መስጠት አይችልም፤ ገዢው በሚኖርበት ግዛት ባለ ባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። ከዚህ የወጡት እንደ ውርስ ያሉ ጥቂት ሁኔታዎች ናቸው። ሁለቱ ዘመዳሞች ንጹሐን ቢሆኑም፣ ትርፍ ባይኖርም፣ በመኪና ማቆሚያው የተደረገው ርክክብ ወንጀል ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ ገዢው ማን ነው የሚለው ነው። መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ መሆኑን እያወቀ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እያለው የሚሸጥ ሰው ራሱ ወንጀለኛ ነው። የተከለከሉት ደግሞ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ብቻ አይደሉም። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደባቸው፣ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በአገሩ የሚኖሩ፣ እንደ ተማሪና ጎብኚ ባሉ ጊዜያዊ ቪዛዎች የገቡ አብዛኞቹ ሰዎችና በፌዴራል ሕግ የተከለከሉ ንጥረ ነገሮችን የሚጠቀሙም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአንደኛው ደረጃ የተከለከለ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንድ ሻጭ ይህን ሁሉ በራሱ ዓይን አይቶ እንዲለይ መጠበቅ ከንቱ ነው። የማጣሪያ ሥርዓቱን ማግኘት የሚችለው ባለ ፈቃዱ ነጋዴ ነው። ሻጩን ያለ መሣሪያው ማጣሪያ ትተን ከሳትክ እንቀጣሃለን ማለት ፍትሕ አይደለም።

ለስደተኛ ቅጣቱ ሁለት ነው

ዜጋ የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ ሲነግድ ቢያዝ ይታሰራል፣ ይቀጣል፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቋሚ ነዋሪ የሆነው ወገናችን ግን የእስር ጊዜውን ሲጨርስ ሌላ ችሎት ይጠብቀዋል። የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕጉ ወደ አገሩ ከገባ በኋላ በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ሕግ፣ መሣሪያ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ ለሽያጭ በማቅረብ፣ በመለወጥ ወይም በመያዝ ወንጀል የተፈረደበትን የውጭ ዜጋ ከአገር እንዲባረር የሚያበቃ አድርጎ ይደነግጋል። ሃያ ዓመት መኖሩ፣ ልጆቹ እዚህ መወለዳቸው፣ ቤት መግዛቱ ከዚህ ድንጋጌ አያወጣውም። ጥፋቱ «ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውር» ተብሎ ከተመደበ ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕግ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ወንጀሎች ይቆጠራል፤ ቋሚ ነዋሪ ከመባረር እንዲድን ዳኛ የሚሰጠው ምሕረትም ሆነ ጥገኝነት ይዘጋበታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በግዛት ፍርድ ቤት «ያለ እስራት አለቀ» የተባለ ጉዳይ በኢሚግሬሽን ሕግ ፍርድ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ተከሳሹ ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለ ይበቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲላ ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ለስደተኛ ደንበኛው ይህን መዘዝ የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ግዴታው የጠበቃው ቢሆንም መዘዙ የደንበኛው ነው፤ ስለዚህ ደንበኛው መጠየቅ አለበት።

ሕግ ድንግዝግዝ ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ የሚያጣው ሰው ነው የምንለው ለዚህ ነው። ለአዘዋዋሪው አምስት ዓመት እስራት የንግድ ኪሳራ ነው። ለአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ግን ያው ጥፋት የአባት መለየት ነው።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«ወንጀለኛ ሕግ አያከብርም፤ የምትጎዱት ጨዋውን ነው» ይባላል። ወንጀለኛው ሕግ እንደማያከብር እናውቃለን። ነገር ግን ወንጀለኛ መሣሪያ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ በእጁ ላይ የሚያስቀምጥለት ሌላ ሰው አለ። የኦዴሳው ሻጭ ግልጽ ግዴታ ቢኖርበት ኖሮ ወይ ያጣራ ነበር፣ ወይም ከመጀመሪያው ሽያጩ ጀምሮ በቀላሉ ይያዝ ነበር። ሕጉ የሚያነጋግረው ይህን ሻጭ ነው።

«ማጣራት ወደ ምዝገባ፣ ምዝገባ ወደ መንጠቅ ያመራል» የሚሉም አሉ። ይህን ስጋት የምንንቅ አይደለንም። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን የቤት ለቤት ፍተሻ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ መሣሪያ ፍለጋ ተብሎ በተጀመረው አሰሳ ስንቱ እንደ ወጣ ቀረ። ይሁን እንጂ ያ ፍርሃት የሚመለሰው እዚህ አገር ያለውን ሕግ በማንበብ ነው። በ1986 የወጣው ሕግ የፌዴራል የመሣሪያ ባለቤቶች መዝገብ እንዳይቋቋም ይከለክላል። የተፈቀደ ግዢ የማጣሪያ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠፋ ሕግ ያዝዛል። የግዢው ቅጽ የሚቀመጠው በነጋዴው ዘንድ ነው። እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ሥርዓት ለሁለተኛው ሽያጭም ማዳረስ እንጂ አዲስ መዝገብ አይደለም።

«ነፍጥ የአባት ቅርስ ነው፤ በእኛ ልማድ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል» የሚለውም እውነት አለው። ውርስና ለቅርብ ቤተሰብ የሚሰጥ ስጦታ ከግዴታው ውጭ ይሁን የምንለው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ቅርስና ሸቀጥ አይምታቱ። ቅርስ የሚባለው የሚቀመጠው ነው፤ በየወሩ የሚለዋወጠው ሸቀጥ ነው። ኢትዮጵያ ራሷ በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ከልክላለች። ፈቃድ ማውጣት ለባህላችን ባዕድ ነው የሚለው ክርክር በአገራችን ሕግም አይደገፍም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። አዲስ ግዴታ ሲወጣ ፖሊስ ቀድሞ የሚያስቆመው ጥቁሩንና ስደተኛውን አይደለምን? ይህ በተሞክሮ የተደገፈ ስጋት ነው። መልሳችን ሕጉ ግልጽ በሆነ መጠን ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ግምት የሚተወው ቦታ ይጠባል የሚል ነው። «ነጋዴ ነህ ወይስ አይደለህም?» የሚለው ጥያቄ ለአድልዎ ሰፊ በር ይከፍታል። «በነጋዴ በኩል አልፏል ወይስ አላለፈም?» የሚለው ግን በአንድ ወረቀት ይመለሳል። ይህም ብቻውን ስለማይበቃ ከዚህ በታች ስለ ቅጣቱ ዓይነት የተለየ ጥያቄ አቅርበናል።

ማጣራት ብቻውን ተአምር ይሠራል አንልም። የሚያስፈጽመው ከሌለ የወረቀት ሕግ ሆኖ ይቀራል። በሚዙሪ በ2007 ሽጉጥ ለመግዛት ይጠየቅ የነበረው የግዢ ፈቃድ ከተሻረ በኋላ በመሣሪያ የሚፈጸም ግድያ መጨመሩን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሜሪላንድ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለሚገዛ ሰው የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች። ማጣራትና የገዢ ፈቃድ አብረው ሲሄዱ ይበልጥ ይጠነክራሉ።

የምንጠይቀው

የምንጠይቀው ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ ከ1991፣ ኮሎራዶ ከ2013፣ የዋሽንግተን ግዛት ከ2014፣ ኔቫዳ ከ2020 ጀምሮ የግል ሽያጭ እንዲጣራ አስገድደዋል፤ ሜሪላንድም በሽጉጥ ላይ የነበረውን ግዴታ በ2021 ወደ ረጅም መሣሪያ አስፋፍታለች። በሲያትል፣ በዴንቨርና በላስ ቬጋስ ያለው ወገናችን በዚህ ሕግ ሥር ይኖራል። በዳላስና በአትላንታ ያለው ግን ግዛቶቹ እንዲህ ያለ ሕግ ስለሌላቸው በፌዴራሉ ድንግዝግዝ ሥር ይኖራል። ስለዚህ ለኮንግረስ አባላትና ለግዛት ሕግ አውጪዎች የሚከተሉትን እናቀርባለን።

1. ማንኛውም የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይለፍ። ከዚህ ውጭ የሚሆኑት ውርስ፣ ለቅርብ ቤተሰብ የሚሰጥ እውነተኛ ስጦታና ሕይወትን ለማትረፍ የሚደረግ ጊዜያዊ ርክክብ ብቻ ይሁኑ።

2. ፈቃድ የሚያስፈልገው ከስንት ሽያጭ በኋላ እንደ ሆነ ሕጉ በቁጥር ይናገር። ካሊፎርኒያ አልፎ አልፎ መሸጥ የሚባለውን በዓመት ከስድስት ላነሰ ሽያጭ ወስናለች፤ ቁጥር ማስቀመጥ እንደሚቻል ይህ ማስረጃ ነው።

3. ትርፍ ሳይፈልግና ገዢው የተከለከለ መሆኑን ሳያውቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የማጣራት ግዴታውን የሳተ ሰው በወንጀል ሳይሆን በፍትሐ ብሔር መቀጮ ይቀጣ። እንዲህ ሲሆን አንድ ስሕተት የአንድን ቤተሰብ የመኖሪያ መብት አያፈርስም። ከባዱ ቅጣት ለደጋጋሚውና ለአዘዋዋሪው ይቆይ።

4. ነጋዴው ለማጣራት የሚያስከፍለው ዋጋ ጣሪያ ይኑረው። ኮሎራዶ በ2013 ሕጓ በ10 ዶላር ወስናው ነበር። ድኻው ሕግ ለማክበር ሲል መክሰር የለበትም።

5. ሕጉ በምንረዳው ቋንቋ ይድረሰን። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ሌሎች ግዛቶችም ስለ መሣሪያ ሽያጭ የሚያወጧቸውን ማሳሰቢያዎች በአማርኛ ያቅርቡ።

ሕጉ እስኪስተካከል

ሕግ አውጪው እስኪነቃ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥ አይደለንም። ግዛታችሁ ባያስገድዳችሁም መሣሪያችሁን መሸጥ ስትፈልጉ ወደ ባለ ፈቃድ ነጋዴ ሂዱ፤ ወይ ለእርሱ ሽጡ፣ ወይም ገዢውን አስጣሩ። ደረሰኙን አስቀምጡ። በሌላ ሰው ገንዘብ በራሳችሁ ስም አትግዙ፤ ጠያቂው ወንድማችሁ ቢሆንም። የግዛት ድንበር ተሻግራችሁ ከእጅ ወደ እጅ አታስረክቡ። መሣሪያ እየገዛችሁ በትርፍ መሸጥ ከፈለጋችሁ ፈቃዱን አውጡ፤ የማመልከቻው ክፍያ ለሦስት ዓመት 200 ዶላር ነው። ዜጋ ያልሆናችሁ ወገኖች በመሣሪያ ጉዳይ ከተከሰሳችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ በምንም ዓይነት ስምምነት ላይ አትፈርሙ።

የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች አስተዳዳሪዎች፣ የዕድርና የማኅበር መሪዎችም ይህን ጉዳይ በስብሰባቸው ላይ እንዲያነሡት እንጠይቃለን። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንድ ወገናችን በሥራ ገበታው ላይ በጥይት ሲወድቅ ለቅሶ ለመድረስ፣ ሌላው ሊባረር ሲል ለጠበቃ ገንዘብ ለማዋጣት ማንም አይቀድመን። ለወረዳችሁ የኮንግረስ አባልና ለግዛታችሁ ሕግ አውጪ ደውላችሁ ከላይ የተዘረዘሩትን አምስት ነጥቦች መጠየቅ ግን ከሁለቱም መዋጮዎች የቀለለ ነው፤ ጊዜውም አሁን ነው።